ለልጄ ከፍዬ እኔ ተመክሬ የወጣሁበት ቤት

መጀመሪያ እውነቱን ልናገር። እዚያ ቤት የሄድኩት ልጄ እንድትመከር ብዬ አይደለም። 11ኛ ክፍል ላይ ናቹራል (የተፈጥሮ ሳይንስ) እንድትይዝ አሳምነው እንዲመልሱልኝ ነው። ካርዷን በፕላስቲክ ከትቼ፣ ብሬን ቆጥሬ፣ አንድ የተማረ ሰው «ዶክተር ትሆኛለሽ» ብሏት ይገላግለኛል ብዬ ነው ደረጃውን የወጣሁት።

የቤቱን ስም አልጽፍም። ከታች የማማርረው ነገር አለ፣ ደሴ ደግሞ ጠዋት ያማኸውን ሰው ከሰዓት ፒያሳ ላይ የምታገኝባት ከተማ ናት። ፎቅ ላይ ያለ የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ነው። ከቱቶሪያሉ ሌላ ክረምትና መስከረም ላይ ለ10ኛ ክፍል ጨራሾች «የትምህርት መስክ ምርጫ ምክር» የሚሉት አላቸው። ሁለት ቀጠሮ፣ 600 ብር። ደረሰኙ በእጅ የተጻፈ ነው፣ ማኅተምም የለውም፤ ይሄንን ከአሁኑ ያዙልኝ።

ልጅ ወደ 11ኛ ያላሻገራችሁ ካላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2012 ከቀረ ወዲህ ልጁን የሚለይለት ፈተና የለም። ትምህርት ቤቱ አንድ ወረቀት ይሰጣል፣ ናቹራል ወይም ሶሻል (ማኅበራዊ ሳይንስ) ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ከታች ወላጅ ይፈርማል፣ አለቀ። ከዚያ ለሁለት ዓመት የሚማረው፣ 12ኛ ላይ የሚፈተነው፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት በር በዚያች ምልክት ተወሰነ ማለት ነው። እና አብዛኛው ቤት ውስጥ ምልክቷን የሚያደርገው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እስክሪብቶውን ልጁ ይይዛል፣ እጁን ግን ሌላ ሰው ነው የያዘው።

እኛ ቤት እጅ ያዢው ብዙ ነው። እኔ አለሁ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ አለ፤ በየሳምንቱ እየደወለ «ሶሻል እንዳታስገባት፣ ሶሻል የሰነፍ ነው» ይላል። ይሄ ወንድሜ 70/30 በተባለበት ዘመን፣ ከመቶ ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ በተባለ ጊዜ፣ ኢንጂነሪንግ ገብቶ የተመረቀ ነው። ዛሬ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጣል። ደህና ነው የሚሸጠው፣ እግዜር ይስጠው፣ ግን ስለ ናቹራል የሚመክረኝ ከሱቁ ውስጥ ሆኖ፣ በመሃል «ቻርጀሩ 350» እያለ ነው። ጎረቤቶች ደግሞ አሉ። ደሴ ላይ 10ኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ካለችህ ቡና በጠጣህበት ሁሉ «ምን ያዘች?» ነው ጥያቄው። ናቹራል ካልክ «ጎሽ!» ይባላል። ሶሻል ካልክ «አይ፣ እሱም አይከፋም» ይባላል። «አይከፋም» የምትለዋ ናት እንቅልፍ የምትነሳው።

እና ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሄድን። የጠበቅኩት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን እኔ እናገራለሁ፣ መካሪው ይደግፈኛል፣ ልጄ ትሰማለች ነው። አልሆነም። በር ላይ ያለችው ልጅ ለእኔ አንድ ወረቀት፣ ለልጄ አንድ ወረቀት ሰጠችን። ልጄን ወደ ውስጥ አስገባቻት። እኔን ኮሪደር ላይ ያለ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችኝ። «አብረን ነው የመጣነው» ብላት «አውቃለሁ ጋሼ፣ ወላጅ እዚህ ነው የሚሞላው» አለችኝ። ተናደድኩ። ከፋዩ እኔ ነኝ!

ወረቀቱ 12 ጥያቄ ነው። የሁለታችንም ጥያቄ አንድ ነው፣ የእኔ «ልጅዎ» እያለ የሷ «አንቺ» ይላል እንጂ። በጣም የምትወደው ትምህርት? ሳትታዘዝ የምታነበው? የሚከብዳት? ሳይገባት ሲቀር የምትጠይቀው ማንን ነው? እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። እኔ ሁሉንም በአምስት ደቂቃ ጨረስኩት። ልጄን አውቃታለሁ ብዬ።

ከዚያ ቲቸር ጠሩኝ። ቲቸር የምላቸው መካሪውን ነው፤ ጡረታ የወጡ የሃይስኩል መምህር ናቸው፣ ሹራብ ደርበው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚያወሩ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አደረጉና በእርሳስ መሰመር ጀመሩ። ከ12ቱ ሰባቱ አልገጠመም።

የምትወደው ትምህርት እኔ ጋ ባዮሎጂ፣ እሷ ጋ ጂኦግራፊ። «ባዮሎጂን ከምን አመጣኸው?» አሉኝ። ከምን እንዳመጣሁት ወዲያው ትዝ አለኝ። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እኛ ወጥተን አዲስ አበባ ወንድሜ ቤት ነበርን። ልጄ 7ኛ ክፍል ነበረች፣ ትምህርት የለም፣ ጓደኛ የለም። አንድ ቀን ከአጎቷ ልጅ ባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ ልብን አየችና በትልቅ ወረቀት ሳለችው፤ ደም የሚገባበትን በሰማያዊ፣ የሚወጣበትን በቀይ። እኔ ያንን ወረቀት ወደ ደሴ ስንመለስ ይዤው መጣሁ። ሳሎን ለጠፍኩት። እስካሁን አለ፣ ጥግ ጥጉ በፕላስተር። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ዶክተሯ ናት የሳለችው» እላለሁ። ለሦስት ዓመት እንዲህ ስል ኖሬያለሁ።

ይሄንን ለቲቸር ስነግራቸው ልጄ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ነበር። «አንቺስ?» አሏት። «መሳሉን ነው የወደድኩት» አለች። «ከለር ስለነበረኝ።»

የመጨረሻው ጥያቄ 12ኛው ነው። «ወላጅ የሚፈልገው መስክ ባይመረጥ ቤት ውስጥ ምን ይፈጠራል?» እኔ «ምንም» ብዬ ጽፌያለሁ። እውነቴን ነው፤ እኔ የምጮህ አባት አይደለሁም፣ ልጅ መትቼ አላውቅም፣ እንደ አንዳንዱ «ከቤቴ ውጪ» አልልም። ልጄ የጻፈችው ሦስት ቃል ነው። «አባዬ ዝም ይላል።»

ቲቸር ምንም አልጨመሩም። እርሳሳቸውን አስቀምጠው ሻይ አዘዙ።

ለዚህች ወረቀት ብቻ 600 ብሩን ሐላል ብያለሁ። የቀረው ጨዋታ ከዚህ በታች ያለው ነው፣ እሱም ጥሩ ጥሩ ነገር ነበረው።

ሻዩ ሲመጣ ወደ ቁጥር ገባን። የልጄ የ10ኛ ክፍል ካርድ ጂኦግራፊ 94፣ ታሪክ 90፣ ኢኮኖሚክስ 88፣ ባዮሎጂ 79፣ ማትስ 77፣ ኬሚስትሪ 66፣ ፊዚክስ 61 ነው። እኔ «በርትታ ታስተካክለዋለች» አልኩ። ቲቸር ባዶ ወረቀት አወጡና ስድስት መስመር አሰመሩ። 12ኛ ክፍል ላይ ሁለቱም እንግሊዝኛ፣ ማትስና አፕቲትዩድ (የማሰብ ችሎታ) ይፈተናሉ፤ ናቹራሉ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ይጨምራል፣ ሶሻሉ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ። ማትሱም ቢሆን የሁለቱ ፈተና ለየብቻ ነው። ድምሩ 600፣ ማለፊያው 300። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሹን ያመጣው በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ነው። ይሄን በየዓመቱ በዜና እሰማዋለሁ፤ አንድ ቀን ግን የእኔን ልጅ ከዚያ ውስጥ አስገብቼ አስቤው አላውቅም። ከ100 ልጅ ከ90 በላዩ 300 አያመጣም ማለት እኮ ነው። 300 ካላመጡት ውስጥ የተሻለ ያመጣው ሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ይደርሰዋል፣ ሌላው ይቀራል።

«አንተ የምታወራው ስለ ዶክተርነት ነው» አሉኝ ቲቸር። «እሱ እዚህ ወረቀት ላይ የለም። መጀመሪያ 300። ከዚያ ፍሬሽማን፣ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት። ከዚያ በውጤቷ ዲፓርትመንት። ሦስት ጊዜ ትጣራለች። አሁን የምትመርጠው የመጀመሪያውን ወንፊት ነው።»

እኔም ዝም አላልኩም፤ ለዚህስ ሰበብ አለኝ። «ናቹራል ከያዘች ሁሉም በር ክፍት ነው፣ ሶሻል የያዘ ሕክምናም ኢንጂነሪንግም አይገባም» አልኩ። ልክ ነህ አሉ። «ደግሞ በየዓመቱ ከሶሻል ይልቅ ናቹራሎቹ ናቸው በብዛት የሚያልፉት» አልኩ። እሱንም ልክ ነህ አሉ። ሰው ሁለቴ ልክ ነህ ሲለኝ ደስ ይለኛል። ከዚያ ግን «ቀለሜዎቹን ሁሉ እየመረጥን ናቹራል እንከታለን፣ ሲያልፉ ደግሞ ናቹራል አሳለፋቸው እንላለን» አሉ። ይህችን እስካሁን እያላመጥኳት ነው። ጎረቤቴ መምህር ናት፣ ስነግራት «ግማሽ እውነት ነው፣ ናቹራል ላይ መምህሩም ተማሪውም ይጠነክራል፣ እሱም ይረዳል» አለችኝ። ማን ልክ እንደሆነ አልፈርድም። እኔ ግን መከራከሪያዬ ላይ እንዲህ የመለሰልኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ሁሉም ወይ «ናቹራል ብቻ» ወይ «የልጅቷን ስሜት አክብር» ነው የሚለኝ።

ስለ ሥራም አንስተናል። ዶክተር ዶክተር የምለው ሰውዬ በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያዎች በደሞዛቸው ጉዳይ ሥራ እስከማቆም መድረሳቸውን እያወቅኩ ነው። ቲቸርም ሶሻልን አላሳመሩትም። ሥራ ፈላጊው ሶሻልም ዘንድ ሞልቷል፣ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናው ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የሁሉም ነው ብለው ነገሩን። ለልጄ የነገሯት ደስ የማይል ነገርም አለ፤ «ታሪክ 90 ያመጣሽው ሸምድደሽ ከሆነ 12ኛ ላይ ጉድ ይሠራሻል» አሏት። ተቆጣች። ወደድኳቸው።

ከዚያ አንዲት ጥያቄ ጠየቋት። «የምትወጂው ካርታውን ነው ወይስ ድንጋዩን?» ልጄ አሰበች። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ወደ ኮምቦልቻ በወረድን ቁጥር ጆሮዋ ሲደፈን ለምን ብላ የምትጠይቅ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ፤ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ሹራብ አውልቀህ ላብ ትጠርጋለህ። ያ ቁልቁለት የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ እንደሆነ ለእኔ የነገረችኝ እሷ ናት። እኔ እኮ በየቀኑ ለሥራ እወርደዋለሁ፣ ቁልቁለት መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው። «ድንጋዩን ከወደድሽ ጂኦሎጂ ነው፣ እሱ በናቹራል በኩል ነው። ካርታውንና ሰዉን ከወደድሽ በሶሻል በኩል ነው» አሏት። መልሱን በሁለተኛው ቀጠሮ ይዘሽ ነይ ብለው ሸኙን።

እዚህ ላይ ራሴን ላጋልጥ። ከደረጃው ሳንወርድ «ጂኦሎጂ» ጀመርኩ። ከፒያሳ እስከ ሰፈር ጂኦሎጂ። ማዕድን፣ ወርቅ፣ የከርሰ ምድር ውሃ፣ ደሞዙ። ጂኦሎጂ የሚባል ነገር እስከዚያች ቀን ረፋድ ድረስ አስቤበት የማላውቅ ሰውዬ የጂኦሎጂ ጠበቃ ሆኜ አረፍኩት። ልጄ ባጃጁ ውስጥ ሳቀችብኝ። «አባዬ፣ በሌላ በር ገባህ እኮ» አለች።

ማታ እናቴ ጋ ተደወለ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን በነገሩ ድምፅ አላት። «ወላሂ ልጂቱን አታስጨንቃት» አለችኝ። «አንተን እኔ ነጋዴ ሁን ብዬህ ሆንክ?» አልሆንኩም። ዝም አልኩ። ወዲያው ዝም ማለቴ ታወቀኝና፣ ልጄ እያየችኝ ስለነበር፣ ስለ ሚኒባስ ታሪፍ ማውራት ጀመርኩ። ማንም አልጠየቀኝም። አሥር ደቂቃ ያህል ስለ ታሪፍ አወራሁ።

አሁን ወደ ማማረሩ።

ሁለተኛው ቀጠሮ እንደ መጀመሪያው አይደለም። ቲቸር 15 ደቂቃ አናገሯትና ወደ ቢሮ ላኩን። ቢሮ ያለው ወጣት መካሪ አይደለም፣ ሻጭ ነው። የ11ኛ ክፍል ቱቶሪያል በወር 1,500 ብር፣ የሦስት ወር ቅድሚያ። «ካልተመዘገበች 50 በመቶ አታመጣም» አለን፣ ልጅቷ ፊት! አሁን አንድ ፎቅ በላይ ሰው ቁጭ ብሎ ጭንቀቷን ያቀለላትን ልጅ፣ እዚህ አውርዶ እንደገና ማስፈራራት ምን ይሉታል? ያ የ8.4 በመቶ ቁጥር ደግሞ በትልቁ ተጽፎ ከጀርባው ተለጥፏል። ቲቸር እጅ ላይ ምክር ነበር፣ እሱ ግድግዳ ላይ ሲሆን ማስፈራሪያ ሆነ።

ክፍሉን አሳዩኝ አልኩ። አሳዩኝ፣ በዚህ አልወቅሳቸውም። አንድ ክፍል ውስጥ 60 የሚሆን ልጅ አለ፤ ለአራት በተሠራ ዴስክ አምስት አምስት ሆነው። የማትስ ክፍለ ጊዜ ነበር፣ ናቹራልና ሶሻል ተደባልቀው። ፈተናው የተለያየ ነው ብሎ ራሱ ቤቱ አልነበር የነገረኝ? ሃንድአውቱ ለብቻው ይከፈልበታል፣ ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ ክፍልፋዩ አይነበብም። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተር የለም፣ ተማሪው የስልኩን መብራት ያበራል። ፈተናው በየዓመቱ ወደ ኮምፒዩተር እየዞረ ባለበት ጊዜ ልጅ ቁጭ ብሎ የሚለማመድበት አንድ ኮምፒዩተር አላየሁም። አስተማሪዎቹ አብዛኞቹ አዲስ ምሩቆች ናቸው፤ ይሄ ነውር አይደለም፣ የፊዚክሱ ልጅ እንዲያውም ኳስ እያነጠረ ነበር የሚያስረዳው፣ ቆሜ ሰማሁት። ግን 1,500 ብር? በዚህ ብር ሦስት ወላጅ ተሰባስበን አንድ ቱቶር ቤት ድረስ እናመጣለን። እያደረግን ያለነውም እሱን ነው።

ማኅተም የሌለውን ደረሰኝ ያዙልኝ ብዬ አልነበር? ቱቶሪያሉን አልመዘግብም ስል ወጣቱ ደረሰኜን ተቀብሎ አገላብጦ «ይሄ የአንድ ቀጠሮ ነው» አለኝ። በር ላይ ያለችው ልጅ መጥታ ባትመሰክርልኝ 300 ብር ሊጨምርብኝ ነበር። ስለዚህ ስትከፍሉ «የሁለት ቀጠሮ» ብላችሁ አስጽፉ። ማኅተምም ጠይቁ፣ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ በኋላ አይቼዋለሁ።

ልጄ ሶሻል ያዘች። «ድንጋዩን እወደዋለሁ፣ ከፊዚክስ ጋር ግን አልወደውም» ብላ ነው ለቲቸር የመለሰችላቸው። ኢኮኖሚክስ ያስባት ይመስለኛል፤ አልጠየቅኋትም፣ ከጠየቅኩ የኢኮኖሚክስ ጠበቃ መሆኔ አይቀርም። ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ። ተደሰትኩ አልላችሁም። ሌሊት ነቅቼ «ብትጸጸትስ?» የምልበት ቀን አለ። ወንድሜ ሲሰማ ለሳምንት አልደወለም፣ ከዚያ ደውሎ «በቃ ሕግ ታጥና» አለ። ልቧ ሳሎን እንደተለጠፈ ነው። አላነሳሁትም፣ እሷም አንሳው አላለችኝም።

ለነጥብ ያህል፦ የመጀመሪያው ቀጠሮ ከ10 ዘጠኝ፣ ሁለተኛው አራት፣ ቱቶሪያሉ ሦስት፣ በር ላይ ያለችው ልጅ አሥር። ቅዳሜ ከአራት ሰዓት በኋላ ከሄዳችሁ ወረፋው ደረጃው ድረስ ነው። የልጁን የ9ኛና የ10ኛ ካርድ ኮፒ ያዙ፣ እዚያ ኮፒ በእጥፍ ነው። እና ወላጅ የሚቀመጥበት አግዳሚ ብረት ነው፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ በኮሪደሩ መስኮት ቀጥ ብሎ ይገባል፤ መስታወቱ ተሰብሯል። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ።